የታች ጥርስ “ጌጥ” ነው ያለው ማነው?

(ይህ ጽሑፍ በጥርስ ሠሪነት ዘመናቸውን ያሳለፉ አንድ ጡረተኛ በሰፈራቸው እድር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው። ከተሰብሳቢው የተነሡት ጥያቄዎችም እንዳሉ ቀርበዋል። ዝግጅት ክፍሉ)



ዳኛችን “አሥር ደቂቃ ብቻ” ብለውኛል። አሥር ደቂቃ ለጡረተኛ ምን አላት? ጉሮሮ ጠርጎ፣ መነጽር ፈልጎ፣ ወረቀት ገልጦ ሳያበቃ ታልቃለች። ስለዚህ ከወዲሁ ይቅርታ ጠይቄ ልጀምር። የምናገረው ስለ ፖለቲካ አይደለም፤ አትሥጉ። ስለ ጥርስ ነው። ያውም ስለ ታችኛው። ያውም ስለሚወልቀው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ እጅ ግን እንዳታወጡ። ከመካከላችን አሁን እዚህ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥርሱ አፉ ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ያለ ስንት ሰው ነው? በመሐረብ ጠቅልሎ ኮቱ ውስጥ የከተተ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘች? እጅ አታውጡ ብያለሁ! እኔ አውቃችኋለሁ። ለግማሾቻችሁ የሠራሁት እኔ ነኝ።

አዎን፣ እኔ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ ጀሶ ሳቦካ፣ ሰም ሳቀልጥ፣ ሮዝ ፕላስቲክ ስሞርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐኪሙ ልኩን ይወስዳል፤ እኔ ከኋላ ክፍል ተቀምጬ እሠራለሁ። የላይኛውን ስሠራ ልቤ አይፈራም ነበር፤ እንደሚይዝ አውቃለሁና። የታችኛውን ስሠራ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍር ነበር። ገንዘብ ተከፍሎበት፣ ተስፋ ተጥሎበት፣ በሦስተኛው ወር ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁና። ሰውየው ተመልሶ ይመጣል፤ “አይይዝም” ይላል። “ይለምዱታል” እንለዋለን። እንሞርደዋለን፣ ሥሩን እንደገና እንሞላዋለን፣ እንሸኘዋለን። ደግሞ ይመጣል። “ይለምዱታል!” በዚህች አንዲት ቃል ስንት ሰው እንደሸኘን እግዚአብሔር ይቁጠረው።

ከተሸኙት አንዷ እናቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማርና። ለእናቴ ሦስት ጊዜ የታች ጥርስ ሠርቻለሁ። በሦስቱም ጊዜ እንደ ልጅም እንደ ባለሙያም የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ማኅበር የማታጎድል ሴት ነበረች። በኋላ በኋላ ከማኅበር ስትመለስ ርቧት ትመጣ ጀመር። የነገረችኝ እህቴ ናት፤ “እማዬ እኮ ሰው ፊት አትበላም” ብላ። ምግብ ሲቀርብላት “ጾመኛ ነኝ” ትላለች አሉ። በፍስክ! በበዓለ ኀምሳ! በበዓለ ኀምሳ የሚጾም ክርስቲያን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነገሩ ሌላ ነው። ስታኝክ የታች ጥርሷ ከምላሷ ጋር ብድግ እያለ ጉርሻውን ይዞባት ይወጣ ነበር። ከማፈር መራብ ይሻለኛል ብላ ነው። ቤቷ ስትገባ ጥርሷን አውልቃ ሽሮ ፍትፍቷን በድዷ ታላምጣለች። ልጇ ጥርስ ሠሪ የሆነ ሴት!

ጥፋቱ የማን ነበር? የእናቴ አልነበረም። የእኔም አልነበረም፤ ይሄን ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ሙሉ ላንቃውን ይሸፍናል። እርጥብ ብርጭቆ እርጥብ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አልነሣ እንደሚለው፣ ምራቅ በመካከሉ ገብቶ ይለጥፈዋል። የታችኛውስ? የታችኛው ምላስ መሐሉ ላይ ተኝታበታለችና ላንቃ የሚባል ነገር የለውም። የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይዞ በአንዲት ቀጭን የድድ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የሚያርፍበት ቦታ ከላይኛው ግማሽ ያህል ቢሆን ነው። ከውስጥ ምላስ ትገፋዋለች፣ ከውጭ ጉንጭና ከንፈር ይገፉታል፣ ከሥር ደግሞ አፍ በተከፈተ ቁጥር ጡንቻ ያነሣዋል። ከዚህ ሁሉ ጋር ትግል ገጥሞ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ነው የምንጠብቀው። ኧረ እንዴት ተደርጎ!

ይሄም ሳይበቃ፣ የተቀመጠበት አጥንት ራሱ ይቀልጣል። አዎ፣ ይቀልጣል። የመንጋጋ አጥንት የሚኖረው ለጥርስ ብሎ ነው። ጥርሱ ሲነቀል ሥራ እንደ ፈታ ሰው እየመነመነ ይሄዳል። አንትየ ታልግረን የምትባል ተመራማሪ ጥርሳቸው ሙሉ ለሙሉ ወልቆ ሰው ሠራሽ ያደረጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ድረስ ተከታትላ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1972 ያገኘችውን አሳትማለች። የታችኛው አጥንት መቅለጡ አያቆምም፤ ከላይኛውም ወደ አራት እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ አስቡት! ዛሬ በልኩ የሠራሁት ጥርስ የዛሬ አምስት ዓመት ልኩ አይደለም። የዛሬ አሥር ዓመትማ ጠርዝ የነበረው ሜዳ ይሆናል። አንዳንዱ ሰው ጋ ነርቩ ከሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ፕላስቲኩ ያርፍበትና፣ በተነከሰ ቁጥር ከንፈሩ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። እኛ ደግሞ “ይለምዱታል” እንላለን።

“ጥርስ ባዳ ነው” ይላሉ አበው፤ ሰው አዝኖም ይስቃል ለማለት ነው። የተፈጥሮው ጥርስ ባዳ ከሆነ፣ ይሄ ከጀሶና ከሰም የተወለደው የእኛ ጥርስማ ምን ሊባል ነው? ባዳው ቤተኛ የሚሆንበትን መንገድ ያገኘው አንድ የስዊድን ሰው ነው። ያገኘው ደግሞ ጥርስ ሲፈልግ አይደለም።

ሰውየው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ይባላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ደም በአጥንት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ለማየት ብሎ የማየያ መስኮት ያላት ከቲታኒየም የተሠራች ትንሽ ዕቃ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ይተክላል። ሥራውን ሲጨርስ ዕቃዋን ለሌላ ጥንቸል ሊጠቀምባት ሊያወጣት ቢሞክር፣ ወይ ፍንክች! አጥንቱ ብረቱን እንደ ገዛ አካሉ ቆጥሮ ይዞታል። ሌላ ሰው ቢሆን ተበሳጭቶ፣ ጥንቸሏን ረግሞ ይተወው ነበር። እሱ ግን “አጥንት ይሄን ያህል የሚወደው ብረት ካለ ጥርስ ለምን አልተክልበትም?” አለ። በ1965 በዮተቦሪ ከተማ ዮስታ ላርሶን ለሚባል፣ ከልደቱ ጀምሮ መንጋጋው ጉድለት ለነበረበትና የታች ጥርስ ላልነበረው ሰው አራት ብሎን በታች መንጋጋው ላይ ተከለለት። ላርሶን በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ማለት ከ40 ዓመት በላይ፣ በእነዚያው ብሎኖች በልቶባቸዋል። ልብ በሉልኝ፤ የመጀመሪያው ሰው የተሠራለት የታችኛው መንጋጋ ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ነዋ!

ብሮነማርክን በአገሩ ያሉ የሙያ ጓደኞቹ ለዓመታት ሲያጣጥሉት ኖረዋል። የጥርስ ሐኪም እንኳ አይደለም እያሉ። በ1982 ቶሮንቶ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው የሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች ማስረጃውን አይተው አምነው የተቀበሉት። 17 ዓመት! ጥሩ ነገር ተቀባይ የሚያጣው እኛ አገር ብቻ አይደለም ለማለት ነው ይሄን ያነሣሁት።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልግባ። ኢምፕላንት ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ሐሳብ አፍ ሙሉ ብሎን፣ ቤት የሚያሸጥ ወጪ ነው። የታች ጥርስ ለሚያስቸግረው ሰው ግን የሚያስፈልገው ሁለት ነው። ሁለት! በ2002 በካናዳ ሞንትሪያል፣ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ያሉትን በእኔ አማርኛ ልንገራችሁ፤ የታች ጥርሱ ሙሉ ለሙሉ ለወለቀ ሰው፣ ያለ ብሎን ዝም ብሎ የሚቀመጠው ፕላስቲክ ከእንግዲህ የመጀመሪያ ምርጫ መሆኑ ይብቃ፤ የመጀመሪያው ምርጫ በሁለት ኢምፕላንት የሚያዘው ይሁን አሉ። በ2009 እንግሊዞቹ በዮርክ ከተማ ስም የሚጠራ ሰነድ አውጥተው ይሄንኑ ደገሙት። እኔ ይሄን ያነበብኩት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ።

እንዴት ነው የሚሠራው? ብሎኑ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከማዳበሪያ ጆንያ መስፊያ መርፌ ብዙም አይወፍርም። የሚተከለው ከፊት በኩል፣ ሁለቱ ክራንቻ ጥርሶች በነበሩበት ቦታ ነው፤ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። ለምን እዚያ? ከዚያ ወደ ኋላ ያ የነገርኳችሁ ነርቭ ስላለ፣ ደግሞም ሌላው ሁሉ ሲቀልጥ የፊተኛው አጥንት ከሁሉ የተሻለ ስለሚቀር ነው። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሙሉ ሰመመን አያስፈልግም። ድዱ ይከፈታል፣ አጥንቱ ቀስ እያለ ይበሳል። ቀስ እያለ ያልኩት በምክንያት ነው፤ አጥንት ሙቀቱ 47 ዲግሪ ደርሶ አንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል፤ የተጎዳ አጥንት ደግሞ ብረት አይዝም። ለዚህ ነው ሐኪሙ ሲበሳ ውኃ የሚያፈስበት። “ውኃ አነቀኝ” ብላችሁ እንዳትቆጡት!

ከዚያ መጠበቅ ነው። ለታች መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሦስት ወር ገደማ። በዚህ ጊዜ አሮጌው ጥርስ ብሎኑን እንዳይጫነው ከሥሩ ይፋቅና ለስላሳ ነገር ይሞላበታል። አጥንቱ ብረቱን ሲያቅፈው፣ በብሎኑ ራስ ላይ ከድድ ትንሽ ከፍ የምትል አንጓ ትገጠማለች። ኳስ የመሰለች አለች፤ ጠፍጣፋ ሆና ሎኬተር የሚሏት አለች፤ ሁለቱን ብሎን በብረት ዘንግ የሚያያይዙም አሉ። የዚህች አንጓ ጓደኛ ደግሞ በሰው ሠራሹ ጥርስ ሥር ትቀበራለች። የሕፃን ልብስ ላይ ጠቅ ብሎ የሚገጥመውን ቁልፍ ታውቁት የለ? በቃ እሱ ነው። ጠዋት ጠቅ፣ ማታ ላጥ። ያላችሁ ጥርስ ደህና ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዲስ ማሠራት እንኳ አያስፈልግም፤ እሱኑ አስተካክሎ መግጠም ይቻላል። ይሄን የማይነግሯችሁ አሉ።

ከእናቶች አንዷ፦ “አያምም ወይ?”

እማማ፣ ላስመረረዎት ለመጨረሻው ጥርስ መነቀል ያህል እንኳ አያምም። ከየት አወቅህ ካሉኝ... እንግዲህ ይሄውልዎ!

(ተናጋሪው የታች ጥርሳቸውን አውልቀው ሁለቱን አንጓዎች አሳዩ፤ ተሰብሳቢው ሳቀ።)

እኔም ዕጣዬ ደርሶኛል። ጥርስ ሠሪም ጥርሱ ይወልቃል። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ ፎቶ አንሥተው ሲያበቁ “ከላይ ስምንት፣ ከታች ስምንት ያስፈልግዎታል” አሉኝ። የላይኛዬ እኮ ምንም አልሆነም፤ ተለጥፎ ተቀምጧል! “ከላይ ለምን?” ብል “ለወደፊቱ ይሻላል” አሉኝ። ዕድሜዬን ያዩ አልመሰለኝም። ዋጋውን ስሰማ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ ዜሮው በዝቶ የታየኝ በዓይኔ ድካም መስሎኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለተኛው ቦታ ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ “ሁለት ይበቃዎታል፤ የላዩን አንነካካው” አለኝ። እውነተኛ ሐኪም ማለት እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እንዴት ነኝ? አልዋሻችሁም። ቆሎ እበላለሁ ብዬ አልመጻደቅም። አንዳንዴ እዳፈራለሁ፤ ግን ፍርፋሪው ከጥርሱ ሥር ይገባና አውልቄ ማጠብ አለብኝ። ጥብስ እበላለሁ። የዳቦ ቅርፊት እበላለሁ። ጥሬ ሥጋ በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ ከሆነ ያልፍልኛል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረገ ሰው የንክሻ ኃይል ከተፈጥሮው ጥርስ አንድ አራተኛ ቢደርስ ነው። በብሎን ሲያዝ ይጨምራል እንጂ የ20 ዓመት ጎረምሳ አያደርግም። ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። ሰው ፊት ስናገር እጄን ወደ አፌ መውሰድ ተውኩ። አሁን እንኳ ስንት ደቂቃ ስለፈልፍ አንዴ አፌን ሸፍኛለሁ? አንድ ያላሰብኩት ነገርም ገጠመኝ። የታችኛው ሲጠብቅ የላይኛው የላላ መሰለኝ። ይሄ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ድሮ የታችኛው ስለሚዘል የላይኛውን ማንም ልብ አይለውም ነበር። አሠሪው ያስተካክለዋል፤ አትደንግጡ።

ሌላም ጥቅም አለው። ብሎኑ ያለበት አካባቢ ያለው አጥንት እንደገና ሥራ ስላገኘ መቅለጡን በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ገና አጥንታቸው ያልተጎዳ ሰዎች፣ እኔ እስክሞት ልታገሠው እያላችሁ አሥር ዓመት አትጠብቁ። በሌላ በኩል ደግሞ የታች ጥርሱ የተመቸው፣ ደህና አድርጎ የሚበላበት ሰው ካለ፣ ምንም አያድርግ። ያልታመመ ነገር አይታከምም።

እንግዲህ ስለ መጥፎ ጎኑ። ከፊት በኩል በታች መንጋጋ የሚተከል ብሎን ከመቶ ከ95 በላዩ ይይዛል። የማይይዘው የማን ነው? ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አደጋው ይበልጥበታል። ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው እንዲሁ። “ስኳር አለብኝ” ማለት ግን “አይሆንልኝም” ማለት አይደለም፤ ስኳሩ በመድኃኒት ልክ ከያዘ ይሠራለታል። ለአጥንት መሳሳት አሌንድሮኔት የሚባለውን ክኒን የሚውጡ፣ በተለይም ለካንሰር ዞሌድሮኒክ አሲድ በመርፌ የወሰዱ፣ መንጋጋቸው ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች ይሄን ለሐኪሙ ሳይናገሩ አንድ ጥርስ እንኳ አያስነቅሉ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱም ተናገሩ፤ በራሳችሁ ሥልጣን ግን አታቋርጡት። ዕድሜ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። 80 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ይሠራላቸዋል።

ደግሞ ብሎን ስለሆነ አይበሰብስም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ብረቱ አይበሰብስም፤ ዙሪያው ያለው ድድ ግን ይቆጣል፤ ይደማል፤ ከሥር አጥንቱ ቀስ በቀስ ይበላል። ክፋቱ ሕመም የለውም። ጠዋትና ማታ አንጓዋን ዙሪያዋን በለስላሳ ብሩሽ መቦረሽ ነው። ማታ ጥርሱን አውልቆ ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። የፈላ ውኃ አይደለም! አንድ ሰውዬ ቀቅሎት እንደ ጫማ ሶል ተጣሞ አምጥቶልኛል። በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይበቃል።

ከኋላ ያሉ አንድ አባት፦ “ዋጋውን ንገረን እንጂ! ምን ታዞረናለህ?”

ጋሼ፣ መጣሁልዎ! እሱ ነው እንግዲህ የሚያናድደው። ቲታኒየሙም፣ አንጓውም፣ ቀለበቱም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ጡረታችን አብሮ እጥፍ ሆኗል? እናንተው መልሱ! ስለዚህ ዛሬ ከዚህ መድረክ አንድ ዋጋ ብናገር ከስብሰባው ስንወጣ ይለወጣል። ይልቅ እንዴት እንደሚጠየቅ ልንገራችሁ። ሁለት ብሎን፣ ሁለት አንጓ፣ ጥርሱን ማስተካከያ፣ ፎቶውንም ጨምሮ ጠቅላላውን በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። “የብሎኑ ዋጋ ይሄን ያህል ነው” ብለው ካስጀመሩ በኋላ አንጓው ለብቻ፣ ቀለበቱ ለብቻ እያሉ የሚያስከፍሉ አሉና። በጥርሱ ውስጥ ያለችው የናይለን ቀለበት ታልቃለች፤ በዓመት አንዴ ገደማ መለወጥ ሊያስፈልጋት ይችላል። የሷንም ዋጋ አሁኑኑ ጠይቁ።

ሌላው፣ የብሎኑን ፋብሪካ ስምና ልክ የሚገልጽ ካርድ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ አንጓ ለሌላው ብሎን ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የዛሬ አሥር ዓመት አንጓዋ ብትበላ፣ ሐኪሙም አገር ቢለቅ፣ ያለ ካርዱ የማን ቁልፍ እንደሆነ ማን ያውቃል? ልጆቻችሁ ውጭ አገር ወስደው ሊያሠሩላችሁ የሚችሉም፣ የሦስት ሳምንት ቪዛ ይዛችሁ ሄዳችሁ “በአንድ ጊዜ ጨርሱልኝ” አትበሉ። በአንድ ቀን የሚባለው ለአንዳንዱ ይሆናል፤ ለሁሉም አይሆንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደግሞም መለዋወጫው እዚህ ካልተገኘ፣ ለአንዲት የናይለን ቀለበት አውሮፕላን ልትሳፈሩ ነው?

አሁን የርእሴ ጉዳይ ላይ ደረስኩ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን የሚባለው በፈረንጆቹ 2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ መድህኑ የማይሸፍናቸው ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ አለበት። ከምን ጋር ተደምሮ መሰላችሁ? ከመልክ ማሳመሪያ ቀዶ ሕክምና ጋር! አፍንጫ ከማስቀጠንና ጉንጭ ከማስወጠር ጋር አንድ መስመር ላይ! ገንዘብ የለንም ቢሉ ይገባኛል። አገራችን ድሃ ናት፤ ወባና ወሊድ ይቀድማል ቢሉ እኔም እፈርማለሁ። “ውበት ነው” ሲባል ግን ደሜ ይፈላል። እናቴ ለመቆንጀት ነበር ጥርስ የፈለገችው? በ70 ዓመቷ? እንጀራ ማላመጥ ጌጥ ሆኖ ያረፈው ከመቼ ወዲህ ነው? እግር ለተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ሲሰጠው “ለዳንስ ነው” የሚል አለ? ያን ዝርዝር የጻፈው ሰው፣ እገምታለሁ፣ 32ቱም ጥርሱ በቦታው ነበር። እሱ ይስጥለት፤ አልመቀኘውም።

ስለዚህ ለዳኛችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሣጥን ይገዛል። ጥሩ ነው። ከቁጠባችን ላይ በቁም ላለነው፣ በየወሩ ቀስ እያልን የምንመልሰው የጥርስ ብድር ቢኖር ምን ይለዋል? ንፍሮውን ለቀስተኛው ብቻ ሲበላው ስንት ዓመት ተቀምጠን አየን! አምስትና ስድስት ሆነን አንድ ሐኪም ዘንድ ብንሄድም በዋጋ መነጋገር እንችላለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ለአሠሪው ሥራ የእኔን እጅ ቁጠሩት፤ ለእድራችን አባል ጀሶና ሰም አላስከፍልም።

አንዲት እናት፦ “አጥንቴ አልቋል ተብያለሁ፤ እኔስ?”

እትዬ፣ “አልቋል” ያለዎት ፎቶ አንሥቶ ነው ወይስ በዓይኑ አይቶ? በዓይን አይታወቅም። ከላይ ሲያዩት ሜዳ የሆነ መንጋጋ ከፊት በኩል ወደ ታች ገና አንድ ሳንቲ ሜትር አጥንት ሊኖረው ይችላል፤ ለአጭር ብሎን ከዚያም ያነሰ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ቀጫጭን ብሎኖችም አሉ። ሙሉ መንጋጋውን የሚያሳየውን ትልቁን የጥርስ ራጅ ይነሡና ይምጡ፤ አብረን እናየዋለን። ካልሆነ አይሆንም ብዬ እነግርዎታለሁ። “ይለምዱታል” ግን አልልዎትም፤ ያቺን ቃል ትቻታለሁ።

ዳኛችን ሰዓታቸውን ሦስት ጊዜ አይተዋል። ቀጣዩ አጀንዳ የድንኳኑ ጥገና ነው መሰለኝ። እኔ ከስብሰባው በኋላ እዚያ ጥግ ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። ጥርሱን በመሐረብ የያዘ ሰው ከነመሐረቡ ይምጣ፤ ሞረዴን ይዣለሁ።